ክፍሉን ማን ይመዘግበዋል? የተማሪ ደባል ኪራይና የአከራይ ፈቃድ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከተሞች

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የቤት ኪራይ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ የሚታሰበው ተከራይ ተማሪው ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የገጠር ልጅ በቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካላገኘ ወደ ወረዳው ከተማ ይሄዳል። የመንዝ ጌራው ወደ መሐል ሜዳ፣ የመንዝ ማማው ወደ ሞላሌ፣ የቀያ ገብርኤሉ ወደ ዘመሮ፣ የላሎው ወደ ወገሬ፣ የግሼው ወደ ራቤል፣ የመርሐቤቴው ወደ ዓለም ከተማ ይመጣል። ገደልና ሸለቆ የሚቆርጠው መንገድ ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ አያመችም። ስለዚህ ልጁ ከአጎቱ ልጅ ወይም ከመንደሩ ጓደኛ ጋር ደባል ሆኖ አንድ ክፍል ይከራያል። ስንቁ በገበያ ቀን በአባቱ አህያ ላይ ይመጣለታል፤ ካልመጣለት ዓርብ ከትምህርት በኋላ ራሱ ሄዶ እሑድ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ይማራል። ከነዚህ ደጋዎች ወጥተው ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ የሆኑ ብዙ ሰዎች ያለፉበት ሕይወት ነው፤ ነገር ግን ስለ ቤት ኪራይ በሚጻፈው ምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ሲነሳ አይታይም።

በኢትዮጵያ ኪራይ ቤትን የሚመለከቱ መዝገቦች አሉ። ተከራዩ ማን እንደሆነ ለጸጥታ ይመዘገባል፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ለግብር ይመዘገባል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ ራሱ ይመዘገባል። ሦስት ልጆች በሩን ዘግተው የሚያድሩበት ክፍል ለሰው ማደሪያ መሆን አለመሆኑን አይቶ የሚመዘግብ ግን የለም። በነዚህ ትንንሽ ከተሞች መቅደም ያለበት የዋጋ ቁጥጥር ሳይሆን ክፍሉን የሚያይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አቅም ያላለፈ የአከራይ ፈቃድ ነው የሚል አቋም አለኝ። ለትልቅ ከተማ የተሰፋው ሕግ እንዳለ ቢመጣ ለተማሪው መጠለያ ሊያሳጣው እንደሚችልም ከዚህ በታች አሳያለሁ።

ክፍሉ

ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቤት ኋላ ወይም ጎን የተቀጠለ ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ኮርኒስ ካለው ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። ግድግዳው ላይ የድሮ ጋዜጣና ያለቀ ደብተር ወረቀት ይለጠፋል፤ ለጌጥም፣ አፈሩ ልብስ ላይ እንዳይራገፍም፣ ነፋስ እንዳይገባም። በአንድ በኩል መደብ አለ፤ ሦስተኛው ልጅ መሬት ላይ ያነጥፋል። የየአንዳንዱ ልጅ ስንቅ፣ በሶው፣ ሽሮው፣ ዱቄቱ፣ አይጥ እንዳያገኘው ከማገሩ ላይ በየከረጢቱ ተንጠልጥሏል። አንድ አምፖል ለሦስቱም ነው። ቆጣሪው የአከራይዋ ስለሆነ መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ለፈተና የሚያጠና ልጅና የመብራት ሂሳብ የምትከፍል መበለት የሚጋጩትም ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ሽንት ቤቱ ለግቢው በሙሉ አንድ ነው። ውሃ በጀሪካን ይቀዳል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ተለይቶ መታየት አለበት። መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ ዛፍ የጎደለው በመሆኑ ገበሬው የሚያነደው ኩበት ነው፤ ከተማ የገባው ተማሪ ግን ከሰል ይገዛል። ማታ ወጡን በከሰል ምድጃ ይሠራል፤ ፍሙን ለሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በሩን ይዘጋል፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይወትፋል። ክፍሉ መስኮት ከሌለው፣ ወይም መስኮቱ ከውጭ ተቸንክሮ ከሆነ፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ የለውም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። የተኛ ሰው እየተመረዘ መሆኑን አያውቅም፤ ቢነቃ እንኳ ጉልበቱ ስለሚከዳው በር ድረስ መድረስ ሊያቅተው ይችላል። ግድግዳው ላይ ከማገሩ ሥር የሚበሳ የአንድ ክንድ ስፋት ያለው ቀዳዳ የሚጠይቀው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ቀዳዳ እንድታበጅ አከራይዋን የሚያዝ ደንብ በከተማው የለም፤ ስለ አደጋው አስረድቶ የሚነግራት ሰውም አይኖር ይሆናል።

ሴት ተማሪዎች ሲሆኑ በሩ ራሱ ጥያቄ ይሆናል። ከውስጥ የማይቀረቀር በር፣ ጠላ ከሚሸጥበት ቤት ጋር የተጋራ ግቢ፣ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተሻግረው የሚሄዱበት ሽንት ቤት፣ በስስ ግድግዳ የሚለያይ የማያውቁት ወንድ ተከራይ፤ እነዚህ ሁሉ የትምህርት ጉዳዮች ናቸው። ወላጅ ልጁን ከዘጠነኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል መልሶ ሲድር ምክንያቱን «ድህነት» ብለን እንመዘግባለን። ከድህነቱ ጋር የበሩም ነገር እንደነበረበት የሚመዘግብ አላየሁም።

ውሉ በቃል ነው። አባት በገበያ ቀን ልጁን ይዞ ይመጣል፤ የሚያውቀው ሰው ወደ አንዲት አከራይ ይወስደዋል፤ «እትዬ፣ ልጄን አደራ፤ እንደ ልጅዎ ይዩልኝ» ይላል፤ የመጀመሪያውን ወር ይከፍላል። ይህን ግንኙነት ማቃለል ስህተት ይሆናል። ልጁ ሲታመም አጥሚት የምታጠጣው፣ ማታ ሲዘገይ የምትቆጣው፣ ስንቁ ሲያልቅ ከራሷ ሌማት የምትቆርስለት እርሷ ናት። አደራው ብዙ ይሠራል። ጭስ ማውጫ መኖሩን፣ የመብራቱ ሽቦ ያልተላጠ መሆኑን፣ ኪራዩ በጥር ሊጨመር እንደማይችል ግን አደራ አይወስንም። ክርክር ሲነሳ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅና የስልሳ ዓመት ባለቤት እኩል አይቆሙም።

ከአዋጅ 47 እስከ አዋጅ 1320

እዚህ እንዴት እንደደረስን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ የተለየ ክፍል አለው። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ እንዲያስረክብና እንዲጠግን ግዴታ ይጥልበታል። በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው። የሚሠራው ግን ተከራዩ ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ፍርድ ቤት አይሄድም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ተሻረ። እስከ 300 ብር የነበረው ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ወርሐዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በየቀበሌው እጅ ገቡ። ለብዙ ድሀ ቤተሰብ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው ሲቀር ጥገናውም ቀረ። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ማን እንደሚከድነው ሳይታወቅ አሥርት ዓመታት አለፉ። ከዚያም በላይ፣ የግል ኪራይ በሕግ የሌለ ነገር ስለሆነ ስለ ግል ኪራይ ክፍል ጥራት የሚወጣ ደንብም አልታሰበም። ደርግ ከወደቀ በኋላ የግል ኪራይ በግልጽ ሲመለስ ማዘጋጃ ቤቶች የተቀበሉት በዋጋ በኩልም በጤና በኩልም ምንም ደንብ የሌለው ገበያ ነበር።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ሁለት መዝገቦች ገቡ። አንዱ የግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢን በሠንጠረዥ «ለ» አስቀምጦ እስከ 2017 ማሻሻያው ድረስ ግለሰብ አከራይን ከ10 እስከ 35 በመቶ በሚያድግ ምጣኔ ያስከፍል ነበር። ሌላው የጸጥታ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት እንዲያሳውቁ ታዘዙ፤ በሌሎች ከተሞችም ተከራይን ለቀበሌ ማሳወቅ በአስቸጋሪ ወቅት ሁሉ የሚመለስ ልማድ ነው። ሁለቱም መዝገቦች አንድ ውጤት ነበራቸው፦ «ኪራይህን አስመዝግብ» የሚለው ቃል በአከራዩ ጆሮ ወይ ገንዘብ ሊወሰድብህ ነው፣ ወይ ተጠያቂ ልትሆን ነው የሚል ትርጉም ያዘ። ለተከራዩ ደግሞ መመዝገብ መታየት ሆነ። ይህን ትዝታ ያልቆጠረ የፈቃድ ሥርዓት በመንዝ ቀርቶ በየትኛውም ከተማ አይሳካም።

በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ከ1967 ወዲህ በመስኩ የወጣ ትልቁ ሕግ ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጨመር፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። በአዲስ አበባ ምዝገባው በ2016 መጨረሻ በየወረዳው ተጀመረ። ደላላ በየስድስት ወሩ ኪራይ ሲያስጨምርባት የኖረች የአዲስ አበባ እናት ይህ አዋጅ ምን እንደሆነላት ለመረዳት ቤተሰብ ይዞ በየዓመቱ ዕቃ መጫን ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። አዋጁን የምደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዋጁ መሐል ሜዳ ቢደርስ

አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። እነዚህ ከተሞች በሚገኙበት በሰሜን ሸዋ ቀድሞ የሚታሰበው ደብረ ብርሃን መሆኑ አያጠያይቅም፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የተፈናቃዩ ብዛት የኪራይ ገበያውን አጥብበውታል። ከዚያ ቀጥሎ ግን እንዲሁ በዝርዝር ወደ ወረዳ ከተሞች እየተወረደ አዋጁ ተፈጻሚ ይሁን ቢባል በተማሪው ኪራይ ላይ ምን ይደርሳል?

የውሉን ዘመን እንይ። ተማሪው ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ወር ይከራያል። ክረምት ሲገባ ወደ ቤቱ ሄዶ አባቱን በእርሻ ያግዛል። ደባሎቹም በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ያልፋል፣ አንዷን ቤተሰቧ ይመልሳታል። የሁለት ዓመት ውል የሐምሌና የነሐሴን ኪራይ በማን ላይ ይጥላል? በአባት ላይ ከሆነ የሁለት ወር እህል ሽያጭ ነው፤ በአከራይዋ ላይ ከሆነ «ተማሪ አላስገባም» ትላለች። ሁለቱም ተማሪውን ይጎዳሉ።

ፊርማውም እንዲሁ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ ስለ እርሱ የሚዋዋለው ወላጁ ወይም አሳዳሪው ነው። ወላጁ ያለው ግን ከከተማው የአንድ ቀን ወይም የግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነው። ሦስት ደባሎች ሲሆኑ ሦስት አባቶች በአንድ ቀን መገናኘት አለባቸው። አንዱ ልጅ በታኅሣሥ ቢያቋርጥ የእርሱን ድርሻ ማን ይከፍላል? ሕጉ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ሲከራይ ያስባል፤ ሦስት ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ሲያስቀምጥ አያስብም። የባንክ ክፍያውም ለዚህ አባት አይመቸውም። ኪራዩን የሚከፍለው በገበያ ቀን በግ ወይም ገብስ ሸጦ፣ ብሩን በእጁ ለአከራይዋ በመቁጠር ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የአዋጁ ልብ ዋጋና የውል ዘመን ነው። በመሐል ሜዳ አንድ ጭስ ማውጫ የሌለው ክፍል ኪራዩ ፈጽሞ ሳይጨመር፣ ውሉ በሚገባ ተመዝግቦ፣ ክፍያውም በባንክ ተፈጽሞ ልጆቹን ሊገድል ይችላል፤ አዋጁም አልተጣሰም።

ፈቃድ ከሌላ አገር፣ ደንብ ከራስ አገር

በጋራ የሚከራይ ቤትን ለይቶ በፈቃድ ማስተዳደር በሌላ አገር የቆየ አሠራር ነው። በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት ተማሪዎች መስኮቱ በብረት በታጠረ ምድር ቤት ክፍል ውስጥ በእሳት ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት የጋራ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይከራይ የሚያደርግ ግዴታ በብዙ ሰው በሚጋሩት ቤቶች ተጀመረ፤ ደረጃ በደረጃም ከሦስት ቤተሰብ የመጡ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚጋሩትን ቤት ሁሉ አካተተ። ልብ እንበል፤ ሦስት ደባል ማለት የራቤሉ ወይም የዘመሮው ክፍል ማለት ነው። በእንግሊዝ የ2004 እ.ኤ.አ. የቤቶች ሕግ ተመሳሳይ ፈቃድ ለትልልቅ የጋራ ቤቶች አዘዘ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፈቃዱ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ አንድ ሰው ቢያንስ 6.51 ካሬ ሜትር፣ ለሁለት 10.22 ካሬ ሜትር የመኝታ ክፍል ይጠየቃል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል ለሦስት ተማሪ ሲከራይ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሦስት ካሬ ሜትር ነው።

ይህን ቁጥር ያነሳሁት የእንግሊዝን መለኪያ መንዝ ላይ እንጫን ለማለት አይደለም። ቢጫን ከተማው ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ይሆናል፤ ልጆቹም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከስኮትላንድ መወሰድ ያለበት መለኪያው ሳይሆን አስተሳሰቡ ነው፦ ፈቃዱ የተጣበቀው ከክፍሉ ጋር ነው፤ የሚሰጠውም የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ የመጣውም ከአደጋ ትምህርት በመወሰዱ ነው።

የአካባቢ ደንብ ደግሞ ለመንዝ እንግዳ አይደለም። የጓሣ ሣር ሜዳ ከአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በአስቦና በጌራ አቅኚ አባቶች ዘሮች ሲጠበቅ የኖረው ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ነው። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድም፣ ጭራሮ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ይከለከላል፤ ከዚያ በተመረጡ አለቆች ውሳኔ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት ለውጥ ቀሮን ሽሮ ሥልጣኑን ለገበሬ ማኅበር ቢሰጥም የሕዝቡ የጥበቃ ልማድ አልሞተም፤ ዛሬ የጓሣ ማኅበረሰብ ጥበቃ በመባል በሕግ ታውቆ ይሠራል። ማን መቼ ስንት ሊጠቀም እንደሚችል ወስኖ፣ ጠባቂ መርጦ፣ ጥፋተኛን በራሱ ሸንጎ እየዳኘ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የኖረ ሕዝብ የተማሪ ክፍል ደንብ ማውጣት ያቅተዋል የሚል ክርክር አልቀበልም። ያነሰው ችሎታ ሳይሆን ጉዳዩ የሕዝብ ጉዳይ ነው ተብሎ አለመታየቱ ነው፤ ሣሩ የሁሉ ነው፣ ክፍሉ ግን የእትዬ እገሊት ነው ይባላል።

የአከራይዋ ፍርሃት

የፈቃድ ሐሳብ ሲነሳ አከራይዋ የምትፈራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም ከምንም አልመጡም።

አንደኛው ይዞታ ነው። ሰርቪሱ የተሠራው ያለ ግንባታ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ተፈጻሚ የተደረገው በዋናነት 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ሲሆን በትንንሾቹ ከተሞች የግንባታ ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነበር። ካርታ የሌለው ግቢም ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ ማዘጋጃ ቤት «ክፍል አከራያለሁ» ብሎ መሄድ «ሕገ ወጥ ቤት ሠርቻለሁ» ብሎ ራስን አሳልፎ መስጠት መስሎ ይታያል። መልሱ ግልጽ መሆን አለበት፦ የክፍል ፈቃድ ካርታ አይጠይቅም፤ ለይዞታ ማረጋገጫም ሆነ ለማፍረሻ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ይህ በደንቡ የመጀመሪያ አንቀጾች ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ የቀረውን መጻፍ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ግብር ነው። በዚህ ላይ ፍርሃቱ ከሕጉ ይበልጣል። በአዋጅ 979/2008 የመጀመሪያ ሠንጠረዥ፣ ማለትም የ2017 ማሻሻያ ከመምጣቱ በፊት፣ በዓመት እስከ 7,200 ብር የሚደርስ ግብር የሚከፈልበት የኪራይ ገቢ ከግብር ነጻ ነበር። የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ግለሰብ አከራይ ደግሞ ከጠቅላላው ኪራይ 50 በመቶው ለጥገና፣ ለዕድሳትና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት 14,400 ብር፣ በወር 1,200 ብር ኪራይ የምትሰበስብ አከራይ የኪራይ ገቢ ግብሯ ዜሮ ነበር። ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላላት ባለሙያ ስንት አከራይ አግኝታለች? ለግብር የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ለመጠየቅ እንጂ «እናት፣ አንቺን አይመለከትሽም» ለማለት አይመጣም። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጸድቅም ያው ፍርሃት ታደሰ። የክፍል ፈቃድ መዝገብ ከገቢዎች መዝገብ ተለይቶ ካልተያዘ አከራይዋ «ተማሪዎቹ የእህቴ ልጆች ናቸው» ማለቷ አይቀርም፤ ልጆቹም ይህንኑ እንዲሉ ይመከራሉ።

ሦስተኛው ወጪ ነው፤ እውነተኛም ነው። ብዙዎቹ አከራዮች ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡ እናቶች፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች፣ ጡረተኞች ናቸው። የሁለት ክፍል ኪራይ ለእነርሱ የጨውና የዘይት፣ የዕድር መዋጮ ገንዘብ ነው። አዲስ ሽንት ቤት አስቆፍሩ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አድርጉ፣ መስኮት በመስታወት ግጠሙ ቢባሉ ክፍሉን የእህል ማስቀመጫ ያደርጉታል። ስለዚህ ደንቡ በየዓመቱ አንድ ደረጃ የሚወጣ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቀው የጭስ ማውጫ ቀዳዳ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በርና በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው ቁጥር ብቻ ይሁን። የተላጠ ሽቦ በሁለተኛው ዓመት ይምጣ። ሽንት ቤቱ በሦስተኛው፣ እርሱም ማዘጋጃ ቤቱ በጉድጓዱ ሲያግዝ። ፈቃዱ ያለ ክፍያ ይሰጥ። ትልቅ ከተማ ፈቃድን የገቢ ምንጭ ቢያደርገው ይችል ይሆናል፤ መሐል ሜዳ ላይ ከአንዲት መበለት የሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ ሰብሳቢውን ለማሰማራት ከሚወጣው ያነሰ ነው።

ማን ይየው?

ለትንሽ ማዘጋጃ ቤት ትልቁ ጥያቄ ባለሙያ ነው። በአማራ ክልል ከተሞች በከተማ አስተዳደር፣ በመሪ ማዘጋጃ ቤትና በንዑስ ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ይመደባሉ፤ በታችኞቹ ደረጃዎች አንድ ሠራተኛ ቦታውንም ግንባታውንም ጽዳቱንም ደርቦ ይይዛል። የቤት ተቆጣጣሪ ቅጠሩ ማለት አትሥሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው በከተማው አለ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከመነሻው ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ ጤናማ የመኖሪያ ቤት አያያዝ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ከተሞችም ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤቱ መስኮት መኖሩን፣ ሽንት ቤቱን፣ የማብሰያውን ቦታ ማየት የሥራዋ አካል ነው። ያየችው ግን በቤተሰብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የተማሪ ክፍል ደግሞ ቤተሰብ አይደለም፤ ከባለቤቷ ቤተሰብ ጋር አይቆጠርም፣ የተማሪውም ቤተሰብ በሌላ ቀበሌ ተመዝግቧል። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ «የሚከራይ ክፍል፣ የሚያድሩበት ሰዎች ብዛት፣ አየር ማስገቢያ» ቢባል ቁጥጥሩ ያለ አዲስ ሠራተኛ ይጀመራል።

ሁለተኛው ዓይን ትምህርት ቤቱ ነው። በምዝገባ ቀን ተማሪው የሚኖርበትን አድራሻ ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ የተፈቀደላቸውን ክፍሎች ዝርዝር በሰሌዳው ላይ ቢለጥፍ አባት በማያውቀው ከተማ በደላላና በትውውቅ ከመሄድ ይድናል። አከራይዋም ፈቃድ ለማውጣት የሚስባት ነገር ታገኛለች፤ ስሟ ሰሌዳው ላይ ካለ ክፍሏ መስከረም ላይ ባዶ አይቀርም። ከቅጣት ይልቅ ይህ ዝርዝር የሚሠራ ይመስለኛል። ቅጣት አከራይዋን ይደብቃታል፤ ዝርዝሩ ያወጣታል። ተማሪ የኪራይ ጭማሪ ወይም የመብራት ክርክር ሲገጥመውም ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ የክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ አንድ የወላጅ ተወካይና የዕድሩ ሰብሳቢ ተቀምጠው ይዩለት። አንዲት ገጽ የሆነች ናሙና ውል፣ የአሥር ወር፣ የእያንዳንዱ ደባል ድርሻ ለየብቻ የተጻፈባት፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የሰፈረባት፣ አባት ለምዝገባ በሚመጣበት ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትፈረም። ክልሉ አዋጅ 1320ን በወረዳ ከተሞች ለመተግበር ከወሰነ ለተማሪ ኪራይ እንዲህ ያለ የተለየ አንቀጽ በማስፈጸሚያ ደንቡ እንዲያስገባ መጠየቅ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ነው።

ጉቦ አይመጣም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ይመጣል፤ ፈቃድ ባለበት ሁሉ ይመጣል። የሚጠየቁት ነገሮች በዓይን የሚታዩ ሲሆኑ ግን ለመሸጥ ያስቸግራሉ። ቀዳዳው አለ ወይም የለም፤ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል ወይም አይቀረቀርም፤ ይህን አባትየውም ልጁም አከራይዋም ያዩታል። ደንቡን ወደ ሃያ መስፈርት ማሳደግ የሚፈልግ ባለሙያ ይህን አስቦ ቢያቆም ይሻላል።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ሰሜን ሸዋም የዚህ ችግር ተካፋይ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ከተማ የተማሪ ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ክፍል ደግሞ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ወይም ከገጠር ሸሽቶ ለመጣ ዘመድ ይከራያል። ሦስት ተማሪ ያድርበት በነበረው ክፍል ስድስት ነፍስ ያድርበታል፤ ኪራዩም ለተማሪ ከነበረው ይለያል። ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ተመልሶ ክፍሉን ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ የት ይሂድ? ለዚህ ጥያቄ የኪራይ ፈቃድ ብቻውን መልስ የለውም፤ የመጠለያ መርሐ ግብር ያስፈልገዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤትን ከጤናና ከትምህርት ጋር አብሮ ያነሳዋል። ፈቃዱ ለተከራዩ ማንነት ሳይሆን ለክፍሉ የሚሰጥ ከሆነ ግን ያ የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ለተማሪውም ለተፈናቃዩም ሕፃን እኩል ያገለግላል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ማን እንደሚኖርበት ሳይጠይቅ ስንት ሰው ሊያድርበት እንደሚችል ያውቃል። ክፍሉን አይቶ ቀዳዳውን ለማበጀት የሚሆነው ጊዜ ነሐሴ ነው፤ ተማሪው ሳይገባ፣ ክረምቱ ሳያልፍና ጭቃው ለምርጊት ገና እርጥብ ሳለ።